አደገኛ ዕቃ የሚከማችበትን ግቢ ከዳር ስለ መጠበቅ

መርዝ፣ ነዳጅ፣ ባሩድ ወይም ይህን የመሰለ አደገኛ ነገር በሚሠራበትና በሚከማችበት ግቢ ዙሪያ ዐጥር ማጠር የቈየ ልማድ ነው። ነገር ግን ዐጥር አያይም፤ አይሰማም፤ አይጮኽም። ሌሊት ሰው ሽቦውን ቈርጦ ቢገባ፣ ሲነጋ የተቈረጠው ሽቦ ከመታየቱ በቀር ለባለቤቱ የሚነግረው ነገር የለም። በእህል ጎተራ ዘንድ ሲነጋ ማወቅ ጉዳቱ የጥቂት ቍና እህል ነው፤ በመርዝና በሚፈነዳ ነገር ዘንድ ግን ሲነጋ ማወቅ ሰው ከተጐዳ በኋላ ማወቅ ነው። ስለዚህ አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለይዞታዎች እንዲህ ያለውን ግቢ ሲጐበኙ «ዐጥር አለው ወይ» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «ሰው ዐጥሩን በነካበት ደቂቃ የሚያውቅ ማን ነው» ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል።

ይኽ አሳብ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ገበሬው ማማ ሠርቶ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው፣ ዝንጀሮው እሸቱን ከዘነጠፈ በኋላ ለማየት ሳይኾን ገና ከገደሉ ብቅ ሲል ለማየት ነው። ወንጭፉም በእጁ ነው። ማየቱና ወንጭፉ ተለያይተው አንዱ በማማው ላይ፣ ሌላው በቤት ቢቀሩ ሰብሉ አይድንም። በጥንት ዘመን ሌባ ይፈለግባቸው የነበሩት አውጫጭኝና ሌባ ሻይ ግን ኹለቱም ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ የሚደረጉ ነበሩ። የጠፋ በሬ በአውጫጭኝ ይገኝ ይኾናል፤ ከተበሳ በርሜል ወደ ወንዝ የወረደውን መርዝ ግን አውጫጭኝ አይመልሰውም።

የእርሻ ሥራ መሪዎች ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ሊያስቡበት የሚገባበት ምክንያት አለ። ለአንበጣ፣ ለተምችና ለልዩ ልዩ ተባይ ማጥፊያ፣ ደግሞም ለወባ መከላከያ እየተባለ በብዙ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ከገባው መድኃኒት ከፊሉ በጊዜው ሲሠራበት፣ ከፊሉ በየመጋዘኑ ቀርቶ አረጀ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባገዘው ሥራ፣ 1,500 ቶን ያህል ያረጀ መርዝ ተሰብስቦና እንደገና ታሽጎ ወደ ፊንላንድ አገር ተልኮ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። ይኽ ኹሉ የተገኘው በአንድ ወይም በኹለት ትልቅ ግቢ አልነበረም፤ በመቶ በሚቈጠሩ ሥፍራዎች ተበታትኖ ነበር እንጂ። ከነዚህም ብዙዎቹ በከተማ ውስጥ፣ ሰው በሚኖርበት አጠገብ የነበሩ፣ በርሜላቸው የዛገና የሚያንጠባጥብ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ወጥቷል። አዋጁ በወረቀት ላይ ቢኾንም፣ መጋዘኑን ሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛው ነው።

እንዲህ ባለው መጋዘን ዘልቆ የሚገባው ማን እንደ ኾነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጠላትን ወይም አመጸኛን ያስባል፤ እርሱም አይጠፋም። ነገር ግን በተደጋጋሚ የሚገባው ሌላ ነው። ባዶ በርሜል ለውኃ መያዣ የሚፈልግ፣ ቆርቆሮና ጣውላ ነቅሎ ሊሸጥ የሚያስብ፣ ለጓሮው ጥቂት መድኃኒት የሚቀዳ፣ ከኹሉም ይልቅ የተወረወረ ኳሱን ተከትሎ ዐጥር የሚዘል ልጅ ነው። የመርዝ በርሜል ታጥቦ ውኃ ቢቀዳበት ውኃውን የሚጠጣው ቤተ ሰብ የዘበኛውን ሥራ በሕይወቱ ይከፍላል። ስለዚህ የግቢ ዳር ጥበቃ ዕቃውን ከሰው ለማዳን ብቻ ሳይኾን፣ ይልቁንም ገቢውን ሰው ከዕቃው ለማዳን ነው። ይህን ያልተረዳ ዘበኛ ገቢውን ያሳድዳል እንጂ አያስጠነቅቅም፤ የሚሸሸውም ሰው መሸሸጊያ ሲያጣ ወደ መርዙ ክፍል ሊገባ ይችላል።

ወሰን ሳይጠበቅ ሲቀር ምን እንደሚደርስ አዲስ አበባ አይታለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በተባለው የቆሻሻ መጣያ የተከመረው ጉድፍ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ በክምሩ ጠርዝ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ከዚያ አስቀድሞ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በከተማይቱ የጥይት ማከማቻ ፈንድቶ ብዙ ሰው አለቀ፤ የዜና ፎቶግራፍ አንሺው መሐመድ አሚን ግራ እጁን አጣ፣ የሥራ ባልደረባው ጆን ማታይም ሞተ። የኹለቱ አደጋ ጠባይ የተለያየ ነው፤ ኹለቱም ግን የሰውና የአደገኛው ነገር ወሰን በጣም በተጠጋበት ሥፍራ የደረሱ ናቸው።

ምድሩ ለጥበቃው ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ቀጨኔን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይረዳል። እንዲህ መባሉ በዚያ የመርዝ መጋዘን አለ ለማለት ሳይኾን፣ ለጠባቂ አስቸጋሪ የኾነው ነገር ኹሉ በአንድነት የሚገኝበት ሰፈር ስለ ኾነ ነው። ቀጨኔ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለ፣ በሸክላ፣ በሽመናና በብረት ሥራ ስሙ የታወቀ ሰፈር ነው። ምድሩ ቁልቁለት፣ መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ እርስ በርሱ የተጠጋጋ ነው። ከላይ የባሕር ዛፉ ደን አለ፤ ከደኑም ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ገና ሳይነጋ ጀምረው ይመላለሳሉ። የቀጨኔ ወንዝ ከተራራው ወርዶ በከተማው መካከል አልፎ ወደ አቃቂ ይሄዳል፤ በአቃቂም ውኃ ከከተማው በታች ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል። ከላይ በአንድ ግቢ የተበሳ በርሜል ከታች በማያውቀው ገበሬ መደብ ላይ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ሰፈር ጀበናውንና ምጣዱን በገላጣ ሥፍራ የምትተኩሰው ሴት እሳቷን ያለ ዐጥር ትጠብቃለች። ሸክላው እስኪበስል ከእሳቱ ዳር አትርቅም፤ ልጅ ሲጠጋ ታየዋለች፣ ወዲያውም ትከለክለዋለች። ማየትና መድረስ በአንድ ሰው እጅ ስለ ተገናኙ ጥበቃዋ የተሟላ ነው። ስለ መሣሪያ የሚነገረው ኹሉ የእርሷን ዐይንና እጅ ወደ ሰፊ ግቢ ለማስፋት የተደረገ ጥረት ነው ቢባል ስሕተት አይኾንም።

በዛሬ ዘመን ገቢን ከዳር የሚያስታውቁ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። አንደኛው በሽቦ ዐጥሩ ላይ የሚታሰር ገመድ ነው፤ ሰው ሲወጣበት ወይም ሽቦውን ሲቈርጥ ንዝረቱን ሰምቶ ለዘበኛው ቤት ያስታውቃል። ዋጋው ከሌላው ይልቅ የሚቻል ነው። ነገር ግን በደንብ ባልተወጠረና ቆርቆሮው በሚንኳኳ ዐጥር ላይ ቢታሰር ነፋስ በነፈሰ ቍጥር ይጮኻል፤ በክረምትም በረዶ ሲወርድ ዕረፍት የለውም። እንደ ቀጨኔ ባለው ሥፍራ ዐጥሩ የጎረቤት ግድግዳ ጭምር ከኾነ፣ ጎረቤት ምስማር ሲመታ መሣሪያው እንደ ሌባ ይቈጥረዋል። ስለዚህ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ዐጥሩ መጠገን አለበት፤ ይኽን ቅደም ተከተል ገልብጠው ገንዘባቸውን ያጠፉ ብዙዎች ናቸው።

ኹለተኛው ከመሬት በታች የሚቀበር ገመድ ነው። በላዩ የሚሄደውን ሰው ያውቃል፤ አይታይም፤ ቁልቁለቱንና ጠመዝማዛውን ተከትሎ ይሄዳል። ለቀጨኔ ምድር የሚስማማ ይመስላል። ኾኖም የባሕር ዛፍ ሥር ከግንዱ ጋር በነፋስ ሲነቃነቅ መሬቱን ያናውጻል፤ የክረምት ጐርፍም በገመዱ ላይ ሲሄድ ያሳስተዋል። በመሣሪያው አጠገብ ዛፍ እንዳይኖርና የጐርፉ መንገድ በቦይ እንዲመለስ ካልተደረገ አይጠቅምም። ዛፍን ከዐጥር ማራቁ ለሌላም ይበጃል፤ በግቢው ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ ለገቢው መሰላል ነውና።

ሦስተኛው ማይክሮዌቭ በሚባል በማይታይ ሞገድ የሚሠራ ነው። በአንዱ ጫፍ ሰጪ፣ በሌላው ጫፍ ተቀባይ ይቆማል፤ በመካከሉ የሚያልፍ ሰው ሞገዱን ሲያውክ ይታወቃል። ይኽ መሣሪያ ቀጥ ያለና የተስተካከለ ሜዳ ይፈልጋል፤ ጉድጓድ ቢኖር ሰው በጉድጓዱ ተኝቶ ከሞገዱ በታች ያልፋል፤ ሣሩም ካልታጨደ ነፋስ ሲያወዛውዘው ያሳስተዋል። ደግሞም ከሰጪውና ከተቀባዩ እግር ሥር የማያየው ጥቂት ሥፍራ ስላለ፣ አንዱ ጥንድ የሌላውን እግር እንዲሸፍን ተደራርቦ መተከል አለበት። ለቁልቁለት ሰፈር አይመከርም። በዐይን የማይታይ ብርሃን እንደ ክር ዘርግቶ የሚጠብቀው የኢንፍራሬድ መሣሪያም እንዲሁ ቀጥታ መስመር ይፈልጋል፤ ከእንጦጦ ጉም ሲወርድ ደግሞ ብርሃኑ ይደክማል።

የሰውነትን ሙቀት በጨለማ የሚያይ ካሜራ ከነዚህ ኹሉ ጋር ቢገኝ መልካም ነው። ዋናው ጥቅሙ የጮኸውን መሣሪያ ዘበኛው ሳይወጣ እንዲመረምረው ማስቻሉ ነው። በአዲስ አበባ ጅብ ሌሊት የወንዙን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ሰፈር እንደሚወርድ የታወቀ ነው፤ መሣሪያው ሲጮኽ ጅብ ይኹን ሰው የሚለየው ካሜራው ነው። ነገር ግን ካሜራው ወደ ጎረቤት ጓሮና መስኮት እንዳያይ ተደርጎ መተከል አለበት፤ አለዚያ ሰፈሩ ለግቢው ወዳጅ መኾኑ ይቀርና ጠላት ይኾናል።

ስለ መርዝና ነዳጅ ግቢ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ፤ ሻጮችም ብዙ ጊዜ አያነሡትም። የሚቀጣጠል እንፋሎት በሚገኝበት ሥፍራ ተራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ መትከል እሳት መትከል ነው። ትንሽ ፍንጣቂ ትበቃለችና። በዚያ የሚቆመው መሣሪያ ለፈንጂ እንፋሎት ሥፍራ ተብሎ የተሠራ መኾን አለበት፤ አለዚያ ከእንፋሎቱ ርቆ በዳር መተከል አለበት። ፋይበር ኦፕቲክ የተባለው የመስተዋት ክር በዚህ ረገድ ይመረጣል፤ በክሩ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልኾነ በዐጥሩ ላይ ፍንጣቂ አያወጣም፣ የክረምት መብረቅም በርሱ ተከትሎ ወደ ዘበኛው ቤት አይገባም።

መሣሪያው ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው ሒሳብ የጊዜ ሒሳብ ነው፤ በዚህ ላይ ሹማምንት ሊያተኵሩበት ይገባል። አንድ ገቢ ዐጥሩን ዘልሎ እስከ መጋዘኑ በር ለመድረስ 1 ደቂቃ፣ የበሩን ቍልፍ ለመስበር 4 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። ዘበኞቹም ጥሪውን ከሰሙ በኋላ ለመድረስ 4 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። መሣሪያው በዐጥሩ ላይ ከኾነ፣ ዘበኞቹ ሲደርሱ ገቢው ገና በሩን ሲታገል ያገኙታል። መሣሪያው በበሩ ላይ ኾኖ በሩ ሲከፈት ብቻ የሚጮኽ ከኾነ ግን፣ ገቢው ከመርዙ ጋር 4 ደቂቃ ብቻውን ይቈያል። በኹለቱ ዘንድ ዐጥሩም፣ ቍልፉም፣ ዘበኞቹም አንድ ናቸው፤ የተለወጠው የሚታወቅበት ሥፍራ ብቻ ነው። እንዲሁም ቍልፉ በአንድ ምት የሚሰበር ቢኾን ከዳር ማወቁ ብቻውን አያድንም። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም፤ አንድ ብርቱ ጎልማሳ፣ መሰላልና ሰዓት ይበቃሉ።

የሐሰት ጩኸት ጉዳይ ቀላል እንዳይመስል በአሜሪካ አገር የኾነውን መመልከት ይገባል። በቴነሲ ግዛት ኦክ ሪጅ በተባለው ሥፍራ፣ ዋይ-12 በሚባለው ግቢ ለአቶሚክ ቦምብ የሚኾን ዩራኒየም ይከማቻል። ሐምሌ 21 ቀን 2004 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሜጋን ራይስ የተባሉ የ82 ዓመት መነኵሲት ከኹለት ጓደኞቻቸው ጋር ሽቦ እየቈረጡ ዐጥር ከዐጥር አልፈው ዩራኒየሙ እስካለበት ሕንጻ ግድግዳ ደረሱ፤ በግድግዳውም ላይ የተቃውሞ ቃል ጻፉበት። መሣሪያው ዝም አላለም፤ ጮኾ ነበር። ነገር ግን በዱር አውሬና በሌላም ምክንያት በከንቱ መጮኹን ስላበዛ ጠባቂዎቹ ለምደውት ነበር፤ ሥፍራውን ሊያሳያቸው የሚገባው ካሜራም ተበላሽቶ ወራት ሙሉ ሳይጠገን ቈይቶ ነበር። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ግቢ በዕድሜ በገፉ ሴትና በሽቦ መቍረጫ ተሸነፈ።

ስለዚህ ቢቻል ኹለት ዐጥር ማጠርና በመካከሉ ባዶ ምድር መተው ይሻላል። የውጭው ዐጥር ውሻን፣ ፍየልንና መንገደኛን ይመልሳል፤ መሣሪያውም በመካከሉ ሲተከል የሚያገኘው አስቦ የገባውን ብቻ ነው። እንደ ቀጨኔ ምድር በጠበበበት ሥፍራ ይኽ አይቻል ይኾናል፤ እዚያ ጠባይ የተለያየ ኹለት መሣሪያ አጣምሮ፣ አንዱ የሌላውን እንዲመሰክር ማድረግ ይገባል። ባዶው ምድር ካለ፣ በበጋ ማታ ማታ በአሸዋ ወይም በአመድ ተጠርጎ ቢያድር ሌላ ጥቅም ይሰጣል። ሲነጋ ዱካ ተገኝቶ በመሣሪያው መዝገብ ጩኸት ካልተጻፈ፣ ጥፋቱ የመሣሪያው ወይም የዘበኛው መኾኑ ወዲያው ይታወቃል። ይኽ ዘዴ ምንም ወጪ የለውም፤ ምናልባትም ስለዚህ ይኾናል የሚንቁት።

በበር በኩል በሰላም የሚገባውን ግን ከዳር ያለ መሣሪያ ኹሉ አያውቀውም። ሰኔ 19 ቀን 2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ሴን ካንቴን ፋላቪዬ በተባለ ሥፍራ ወደ አንድ የጋዝ ፋብሪካ የገባው ሰው ዐጥር አልዘለለም፤ ዕቃ በማድረስ የታወቀ ስለ ነበር በመኪናው በበሩ ገብቶ የጋዝ ማከማቻውን ለማፈንዳት ሞከረ። አስቀድሞም የገዛ አሠሪውን ገድሎ ነበር። በኛም አገር መጋዘን ጠባቂው የሚያውቀው ሾፌር ሲመጣ በሩ ሳይጠየቅ የሚከፈትበት ልማድ አለ። ትሕትናው ደግ ነው፤ መዝገቡ ግን ለሚታወቀውም ለማይታወቀውም እኩል መጻፍ አለበት።

ስለ ዘበኛው ብዙ መናገር ይቻላል፤ ዋናው ጥቂት ነው። ብቻውን የሚያድር፣ ደመወዙ የማይበቃው፣ በቀን ሌላ ሥራ የሚሠራ ሰው ሌሊት ይተኛል፤ ይኽን ወቅሶ ማረም አይቻልም፣ ኹለተኛ ሰው ጨምሮ እንጂ። በግቢው ያለው ነገር ምን እንደ ኾነ በአማርኛና በሰፈሩ ቋንቋ ተጽፎ ከዘበኛው ቤት ይሰቀል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲመጡ ውኃ የሚረጭበትንና ውኃ የማይነካውን የሚለዩት በዚያ ነው። ዘበኛው ገቢን ተከትሎ ወደ መርዙ ክፍል እንዳይገባ ተነግሮት፣ ከውጭ ኾኖ መውጫውን ይያዝ፣ ይጥራ። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ መሣሪያው በባትሪ የሚሠራ ይኹን። በየሳምንቱም አንድ ሰው በእግሩ፣ ደግሞም በእንብርክኩ በዐጥሩ ዳር እያለፈ መሣሪያው ማወቁን ይፈትን፤ የፈተናውም ቀን ለዘበኞቹ አይነገር። የወረዳው ሹም መዝገቡን ሲያይ ጩኸት ያልተጻፈበት ወር ቢያገኝ ደስ ሊለው አይገባም። ጅብና ነፋስ ባለበት አገር አንድ ወር ሙሉ ያልጮኸ መሣሪያ ምናልባት ሞቷል።

ከዐጥሩ ውጭ ያሉት ጎረቤቶች ከመሣሪያ ኹሉ የሚበልጥ ዐይን ናቸው። እነርሱ ግን የሚያገለግሉት በግቢው ውስጥ ያለውን ሲያውቁ ነው። በብዙ ሥፍራ የመርዝ መጋዘን በምሥጢር ይያዛል፤ ምሥጢሩም ሌባውን ሳይኾን እናቶችን ያሳውራል። ልጇ ዐጥር ሲዘል ያየች እናት በውስጥ ያለው መርዝ መኾኑን ካወቀች ከዘበኛው ቀድማ ትጮኻለች።

መጋዘኑ ባዶ ሲኾን ጥበቃው ይነሣ ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ በብራዚል አገር ጎያኒያ በተባለ ከተማ፣ ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ሥፍራ በሄዱበትና በተተወ የሕክምና ቤት ውስጥ የቀረውን የጨረር መሣሪያ ኹለት ሰዎች ብረቱን ሊሸጡ ብለው ወሰዱት። በውስጡ የነበረው ሲዚየም ተፈትቶ በሰፈሩ ተሰራጨ፤ በጨለማ ስለሚያበራ ሰዎች ለዘመድ እየሰጡ ተካፈሉት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 249 ሰዎች ላይ ሲዚየሙ ተገኘ፤ ከ110,000 የሚበልጡ ተመረመሩ። ሥፍራው እንደ ባዶ ተቈጥሮ ነበር። በእርሻ መድኃኒት መጋዘንም መርዙ ከተነሣ በኋላ ወለሉ፣ ግድግዳውና በበርሜሎቹ ሥር የነበረው አፈር መርዙን ይዘው ይቀራሉ፤ ባዶዎቹም በርሜሎች ለውኃ መያዣ ይፈለጋሉ። ስለዚህ በርሜሎቹ ተበስተውና ተጨፍልቀው እስኪነሡ፣ አፈሩም ተጠርጎ በባለሙያ እስኪመረመር ድረስ የዐጥሩ መሣሪያ ሳይነቀል፣ ዘበኛውም ሳይቀነስ ይቈያል።